ስለ መምቻ ውፍረትና ስለ ፈጣን እጅ
(በሙዚቃ ክበባችን ስብሰባ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ጥፍር ስለምታህል ነገር ለመነጋገር ነው። ይህች ነገር የጊታር መምቻ ናት፤ በተለምዶ ፒክ እንላታለን። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ «አገር ስንት የሚወራ ጉዳይ እያላት ስለ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ ጉባኤ መጥራት ምን ይባላል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው። በዚህች ቁራጭ ምክንያት ጊታራቸውን ሰቅለው የሚተዉ ወጣቶች አሉ። ክራር ሲገርፍ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣ ልጅ ጊታር ይዞ አንዱን ክር በፍጥነት ልምታ ሲል ክንዱ ይደርቃል፤ ድምፁም ይንተባተባል። በዚህ ጊዜ «እጅህ ለጊታር አልተፈጠረም» ይባላል፤ እሱም አምኖ ይተወዋል። እኛ ግን እጅን ከመውቀስ በፊት እጁ የያዘውን ነገር መመርመር ይገባል እንላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ትሬሞሎ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነና ለምን እንደሚያስፈልገን እንናገር። ቃሉ የጣልያን ሲሆን ትርጉሙ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። በጊታር ሲሆን፣ አንዱን ድምፅ ወደ ታችና ወደ ላይ በፍጥነት እየደጋገሙ በመምታት ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ማስመሰል ነው። እስፓኞች በአውራ ጣትና በሦስት ጣቶች የሚጫወቱት ሌላ ዐይነት ትሬሞሎ አላቸው፤ የዛሬው ነገራችን ግን በመምቻ ስለሚሠራው ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ ለእኛ ዜማ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። መሰንቆ ደጋን አለው፤ አዝማሪው ደጋኑን እስከሳበ ድረስ ድምፁ ይኖራል። ዋሽንትም እስትንፋስ አለው፤ እረኛው ትንፋሹ እስኪያልቅ ያንጎራጉርበታል። ክራርና ጊታር ግን ክሩ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ሰው ረዘም ያለ የትዝታ ዜማ በጊታር ልጫወት ቢል፣ በመሰንቆ የሚንሳፈፈው ድምፅ በጊታር ላይ እንደ ተቆረጠ ገመድ ይቀርበታል። ያንን ባዶ ቦታ ከሚሞሉት መንገዶች አንዱና ዋነኛው ትሬሞሎ ነው። እንግዲህ ነገሩ የፍጥነት ውድድር አይደለም፤ የራሳችንን ዜማ በተውሶ መሣሪያ ሳናጎድል መጫወት እንችላለን ወይስ አንችልም የሚል ጥያቄ ነው።

እንደሚቻልም ምስክር አለን። በዘመናዊው የአገራችን ሙዚቃ ውስጥ አንጋፋው አየለ ማሞ በማንዶሊን የታወቁ ናቸው። ማንዶሊን ስምንት ክር ያለው፣ ክሮቹም ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ጥንድ የሚወጠሩ ትንሽ መሣሪያ ነው። ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት ያለ ትሬሞሎ ረጅም ዜማ አይወጣበትም ማለት ይቻላል። ግሩም መዝሙር የመሠረተው አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የተባለው የሙዚቃ ቡድን የቀድሞውን ዘመን ዜማዎች እንደ ገና ሲያነሣ የአየለ ማሞ ማንዶሊን አብሮ ተሰምቷል። ያንን ጨዋታ የሰማ ሰው የእኛ ዜማ በመምቻ እንደሚዘልቅ አይጠራጠርም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። በጎጃም ያደገ ልጅ ልምጭንና ሽመልን ለይቶ ያውቃል። በልምጭ ስትመታ እጅህ ይቀድማል፤ ጫፉ እየተለመጠ ከኋላ ይከተላል። በሽመል ስትመታ ግን እጅህና ጫፉ አብረው ይደርሳሉ። ስስ መምቻ ልምጭ ነው፤ ወፍራም መምቻ ሽመል ነው። ስሱ መምቻ ክሩን ሲነካ ወዲያው አይለቀውም፤ መጀመሪያ ይጎብጣል፤ እጃችንም ከክሩ አልፎ ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጫፉ የሚያመልጠው። ወደ ላይ ስንመልሰውም ያው ነው። ለቀስታ ጨዋታ ይህች ትንሽ መዘግየት አትታወቅም። በፍጥነት ሲሆን ግን ሒሳቡን እንየው። መቁጠሪያው በደቂቃ 120 ሲመታና በያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ ስንመታ በሰከንድ 8 ምት ይሆናል። መቁጠሪያው 180 ሲደርስ በሰከንድ 12 ምት ነው። ይህም ማለት ለአንድ ምት ያለን ጊዜ ከሰከንድ አሥራ ሁለተኛው እጅ ብቻ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ መምቻው እስኪጎብጥና እስኪያመልጥ ድረስ እጃችን በከንቱ ይጓዛል። ፍጥነቱ ሲጨምር ትርፉ ጉዞ ክንዳችንን ያደርቀዋል፤ ምቱም እኩል አይሆንም።

«ታዲያ ትንሽ ወፈር ያለ ብንገዛ ለውጡ ምን ያህል ነው?» ለሚለን ሰው የምሕንድስና ተማሪ ወንድሞቻችን መልስ አላቸው። ከአንድ ዐይነት ነገር የተሠራ ቀጭን ጠፍጣፋ አካል ግትርነቱ በውፍረቱ ልክ አያድግም፤ ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ያድጋል። ስለዚህ የ0.50 ሚሊ ሜትር መምቻና የ1.00 ሚሊ ሜትር መምቻ ስናስተያይ፣ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆንም ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ነው። ከ0.73 ወደ 1.00 ስንሄድ እንኳ ግትርነቱ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ያድጋል። በጣት ሲዳሰስ እምብዛም የማይታወቅ ልዩነት በክሩ ላይ ትልቅ ልዩነት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለተኛ ነገር አለ፤ የዛሬው ንግግራችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ግትርነትን የሚወስነው ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ከጣት ውጭ የሚቀረው ጫፍ ርዝመትም ነው። በዚህኛው ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል፤ ከጣት የወጣው ጫፍ በግማሽ ሲያጥር ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። ለምሳሌ የ0.73 መምቻ ጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ሲያዝ ይወዛወዛል እንበል። ያንኑ መምቻ ጫፉ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወጣ አድርገን ብንይዘው፣ በ8 ሚሊ ሜትር የተያዘ የ1.00 መምቻ ወደሚሰጠው ግትርነት ይጠጋል። የመምቻው ጫፍ እየሾለ ስለሚሄድ ሒሳቡ በልክ አይገጥም ይሆናል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። በአጭሩ፣ ውፍረቱን በገበያ እንገዛዋለን፤ ርዝመቱን ግን በጣታችን እንመርጠዋለን። ገንዘብ የማይጠይቀውን መሞከር ደግሞ ሁልጊዜ ይቀድማል።

ለዚህም የቆየ ማስረጃ አለ። የዐረቦች ኡድ የሚመታበት መምቻ ሪሻ ይባላል፤ ትርጉሙም ላባ ማለት ነው፤ ቀድሞም ከትልልቅ አሞራ ላባ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በብዛት ፕላስቲክ ነው። ሪሻ ረጅምና ለስላሳ ነው። ይህም ሆኖ የኡድ ሊቃውንት በሪሻ እጅግ ፈጣን ትሬሞሎ ይጫወታሉ። ምክንያቱም አብዛኛው ርዝመቱ በመዳፋቸው ውስጥ ስለሚቀርና ከጣታቸው ጥቂት ጫፍ ብቻ ስለሚወጣ ነው። በአሜሪካም በአባቱ በኩል የሊባኖስ ዘር ያለው ዲክ ዴል የተባለ ጊታር ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ1962 «ሚሲርሉ» የተባለውን የምሥራቅ ሜዲትራንያን ዜማ በአንድ ክር ላይ በፈጣን ምት ተጫውቶ ስሙን ተክሏል። እርሱ ደግሞ ከተለመደው እጅግ የወፈሩ ክሮች ይወጥር ነበር። ሁለቱ ምሳሌዎች የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ መምቻ ብቻውን አይመረጥም፤ ከክሩና ከአያያዙ ጋር ተስማምቶ ይመረጣል እንጂ። የጠነከረ የብረት ክር ስሱን መምቻ ያሸንፈዋል፤ የላላ የናይለን ክር ደግሞ ለግትር መምቻ ይበረግጋል።

እንግዲህ ክራር ገራፊው ወንድማችን ለምን እንደሚቸገር ከዚህ እናስተውላለን። በክራር ግርፍ ቀኝ እጅ በሁሉም ክሮች ላይ ያልፋል፤ የማይፈለጉትን ክሮች ዝም የሚያሰኙት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ስለዚህ የቀኝ እጁ ምት ሰፊ ነው፤ መምቻውም ለቀቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ጥበብ ነው፤ የሚናቅ አይደለም። በጊታር ትሬሞሎ ግን ሥራው ተገልብጧል፤ እጁ በአንድ ክር ዙሪያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ መንቀሳቀስ አለበት። በክራር የለመደውን ሰፊ ምትና ለስላሳ መምቻ ይዞ ወደ አንዱ ክር ሲመጣ ሁለቱም ይበድሉታል። እጁ ግን የሠለጠነ እጅ ነው፤ የምት ስሜቱም የተሟላ ነው። የሚጎድለው ምቱን ማሳጠርና መምቻውን መለወጥ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ምርጫውን እንደ ሥራው ዐይነት እንመድበው። ክሮቹን ሁሉ እየገረፉ ዘፈን ለማጀብ ከ0.46 እስከ 0.60 ሚሊ ሜትር የሆነው ስስ መምቻ ይስማማል፤ ድምፁ ይለሰልሳል፤ እጅንም አያደክምም። ግርፉንም ነጠላውንም ዜማ እየቀላቀለ ለሚጫወት 0.73 አካባቢ ያለው መካከለኛ ነው። በአንድ ክር ላይ ፈጣን ትሬሞሎ ለሚፈልግ ከ0.88 እስከ 1.20 ያለው ጥሩ መነሻ ነው። ከ1.40 በላይ ያለውም ለፍጥነት ይውላል፤ ሆኖም ከዚያ በላይ ውፍረት መጨመር ፍጥነት አይጨምርም፤ መምቻው አስቀድሞ መጉበጡን ትቷልና። ከዚያ በኋላ ልዩነት የሚያመጣው የጫፉ ቅርጽና መምቻው የሚዘነብልበት አኳኋን ነው። ደንሎፕ የተባለው ፋብሪካ ቶርቴክስ በሚላቸው መምቻዎቹ ላይ ቢጫው 0.73፣ አረንጓዴው 0.88፣ ሰማያዊው 1.00፣ ሐምራዊው 1.14 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሙ ግን የዚያ ፋብሪካ ምልክት ስለ ሆነ በሌላው ላይ አይሠራም።

«ስሱ ለጀማሪ፣ ወፍራሙ ለሊቅ ነው» የሚባል አነጋገር በየቦታው ይሰማል። ይህን አባባል እኛ አንቀበለውም። ስስ መምቻ እንደ ባለጌ ወዳጅ ነው፤ ጥፋታችንን ይሸፍንልናል። ጫፉን ከክሩ በታች አብዝተን ብናስገባው ይጎብጥና ያሳልፈናል፤ ወደ ላይ የምንመታው ምት ቢደክምም አይነግረንም። ወፍራሙ ግን እውነቱን ፊት ለፊት ይናገራል፤ አብዝተን ብናስገባው ይነክሳል፤ ምታችን እኩል ባይሆን ወዲያው ያጋልጠናል። ትሬሞሎን ከመጀመሪያው ሊማር የሚፈልግ ሰው እውነተኛውን ወዳጅ በጊዜ ቢይዝ ይሻለዋል።

ወፍራሙም ቢሆን የራሱ ደንብ አለው። አንደኛ፣ ከክሩ በታች የሚገባው ጫፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለተኛ፣ መምቻው በክሩ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ አይቁም፤ አንዱ ጠርዙ እንዲቀድም ጥቂት ይዘንብል፤ ቢላዋ ሥጋን በስለቱ እንጂ በገጹ እንደማይቆርጥ ማለት ነው። ሲያዘነብል ክሩን ይንሸራተተዋል እንጂ አይይዘውም። አብዝቶ ካዘነበለ ግን መፋቅ ይጀምርና ድምፁ ይሻክራል። ሦስተኛ፣ መምቻው እንዳያመልጥ ያህል ብቻ ይያዝ። ጠበቅ አድርጎ የያዘ ጣት አንጓን ያደርቃል፤ የደረቀ አንጓ ምቱን ወደ ክርን ያዞረዋል፤ ከክርን የሚመጣ ምትም ቶሎ ይደክማል። ጫፉንም እጅግ አሳጥረን ከያዝነው ጣታችን ክሩን እየነካ ድምፁን ያፍነዋል። ማሳጠር ጥሩ ነው፤ ልክ ግን አለው።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ በደብረ ማርቆስ ገበያ ይህን ሁሉ ዐይነት መምቻ ከየት እናገኛለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። መምቻን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ሲሆን 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ጊዜው ያለፈበት ካርድ በመቀስ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ደኅና መካከለኛ መምቻ ይሆናል፤ አጠር አድርጎ ለያዘው ደግሞ ለትሬሞሎ ይደርሳል። ሁለተኛው የበሬ ቀንድ ነው። በአገራችን ቀንድ ዋንጫ ሲሆን ኖሯል፤ የክራር መምቻም ሆኗል። ቀንዱን ቆርጦ፣ በሞረድ እያሳሱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር አድርሶ፣ ጠርዙን ማለስለስ ነው። ሲሞረድ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን አይዘንጋ። በሌላው ዓለም ቀድሞ የሚወደደው ከባሕር ኤሊ ልብስ የተሠራ መምቻ ነበር፤ እንስሳው እየጠፋ በመሄዱ እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ምክንያት ዓለም አቀፍ ንግዱ ተከልክሏል። የእኛ ቀንድ ግን ከታረደ በሬ የሚገኝ ነው።

ውፍረቱን ለመለካት ካሊፐር ያለው በካሊፐር ይለካ። የሌለው በዚሁ ጋዜጣችን ዐይነት ወረቀት ይለካ። የተለመደው የ80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ አሥር ቅጠል ተጠቅቶ ተጨምቆ ሲታይ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መምቻውን ከጎኑ አድርጎ በጣት ጥፍር ቢዳስሱት የትኛው እንደሚበልጥ ይታወቃል።

ምርጫውንም በወሬ ሳይሆን በሙከራ እናድርገው። አንድ ስስ፣ አንድ መካከለኛና አንድ ወፍራም መምቻ ይዘጋጅ። በስልክ ላይ የሚገኘውን መቁጠሪያ በደቂቃ 60 ላይ እናስጀምረው፤ በያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ እንምታ፤ ምቱ እኩል እስከ ሆነ ድረስ በአራት በአራት ከፍ እናድርገው፤ መንተባተብ የጀመረበትን ቁጥር በደብተር እንጻፍ። ድምፁን በስልክ ቀርጾ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ሲጫወቱ የማይሰማ ጉድለት ሲያዳምጡ ይሰማልና። ሦስቱንም መምቻ በተለያየ ቀንና በተለያየ ቅደም ተከተል እንሞክር። ጓደኛም መምቻውን በመዳፋችን ያስቀምጥልን እንጂ የቱ እንደ ሆነ አይንገረን። ሳይንስን በክፍል ተምረን በሙዚቃችን ላይ ካልሠራንበት ትምህርታችን ከደብተር አላለፈም ማለት ነው።

አንድ ነገር እናስታውስ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የጥንቱ መንቆረር ብርድ ዛሬም አልለቀቃትም። በማለዳ የደነዘዘ ጣት በየትኛውም መምቻ አይፈጥንም። አስቀድሞ እጅን ማሸት፣ የሻይ ብርጭቆ ጨብጦ ማሞቅ፣ በቀስታ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማፍጠን ያስፈልጋል። ክንድ ሲቃጠል ወይም አንጓ ሲያም ማቆም እንጂ «ልቻለው» ብሎ መቀጠል ጀግንነት አይደለም፤ ጅማት ከተጎዳ ለብዙ ወራት ጊታር ማስቀመጥ ሊመጣ ይችላልና።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከሁለት በኩል የሚመጣ ተቃውሞ እንዳለ አንስተውም። አንዱ ወገን፣ «ጨዋታ በእጅ ነው፤ መምቻ ሰበብ ነው» ይላል። ሌላው ወገን፣ «ጥሩው መምቻ ቢገኝ እኔም እችል ነበር» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። መምቻ ያልሠለጠነ እጅን አያሠለጥንም፤ የማይስማማ መምቻ ግን የሠለጠነውን እጅ ያስራል። ልምምድ የእያንዳንዳችን ዕዳ ነው፤ የማይረባውን መሣሪያ ለይቶ ማስቀመጥ ግን የአስተማሪና የጓደኛ ዕዳ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። በክበባችን ያሉት ጊታሮች ጥቂት ናቸው፤ መምቻ ግን ሁላችንም መሥራት እንችላለን። እያንዳንዱ አባል ከካርድ ወይም ከቀንድ ሁለት ሁለት ይሥራ፤ ውፍረቱን ጽፎ በክበቡ ሣጥን ያኑር። ክራር ይዞ ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ ጊታር ሲያነሣ፣ ሦስት ዐይነት መምቻ ከፊቱ ይቅረብለትና አያያዙን አሳዩት። ከዚያ በኋላ ሳይችል ቢቀር ልምምዱን እንጠይቀው። ከዚያ በፊት ግን «እጅህ አልተፈጠረም» የሚል ቃል ከማናችንም አፍ አይውጣ።